እቴጌ ጣይቱና የተራራ ላይ ሰፈር

በውጭ አገር የክረምት በረዶ ምድሩን በሸፈነ ጊዜ፣ በመንኰራኵር የሚሄድ ትንሽ ቤት ከአውቶሞቢላቸው ኋላ አስረው እየሳቡ ወደ ተራራ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ቤቲቱ አልጋም፣ ምድጃም፣ መብራትም ስላላት በበረዶው መካከል ጥቂት ቀን ሰንብተው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ከተማቸው ይመለሳሉ። ይህን ስንሰማ ለአገራችን እንግዳ ነገር ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ቤትን አስጭኖ በብርድ ተራራ ላይ ማደር ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ብርቅ አልነበረም። ልዩነቱ እነርሱ ይህን ያደረጉት ለመዝናናት ሳይሆን አገር ለማስተዳደር መሆኑ ነው። ቤታቸው ድንኳን ነበረ፤ ተሸካሚውም አጋሰስ።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑት ተራሮች ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደሉም። ከሰበታ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከቡራዩም ሲመለከቱት የሚታየው ወጨጫ አንዱ ነው። ሁለተኛው እንጦጦ ነው፤ ወደ ሱሉልታ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ የእርሱን ጫፍ ሳይሻገር አያልፍም። ዛሬ እነዚህ ሦስት ከተሞች በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለው፣ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ሞልቷቸዋል። በላያቸው ባሉት ተራሮች ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ የሸዋ ቤተ መንግሥት በድንኳን ሰፍሮ ነበር። በዚያ ብርድ ውስጥ ኖረው፣ ሰፈሩን ወደ ከተማነት ስለ መለሱት ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ዛሬ ጥቂት ለማውሳት አስበናል።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓመታት ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከስሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፣ ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ናቸው። ስሜን የብርድ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ የራስ ዳሸን ከፍታ ከ4,500 ሜትር ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጫፉ በረዶ ለብሶ ይታያል። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ድል ሲሆኑ፣ የዚያ ቤተ ሰብ ክብርና ሀብት ተበተነ። ጣይቱም ገና በልጅነታቸው የሹመትን አላፊነት አዩ። ይሁን እንጂ ትምህርት አልተጓደለባቸውም፤ ማንበብና መጻፍ ተምረው ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ይችሉ እንደ ነበር ይነገራል።

በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። በዚያን ጊዜ ንጉሡ ከአንኮበርና ከልቼ ወዲህ ዐልፈው፣ በወጨጫ ተራራ ከሰፈሩ በኋላ መቀመጫቸውን በእንጦጦ አድርገው ነበር። ስለዚህ አዲሲቱ ሙሽራ የመጡት ወደ ድንጋይ ግንብ ሳይሆን በተራራ ላይ ወደ ተተከለ ሰፈር ነው።

የዚያ ዘመን ሰፈር እንዴት ያለ እንደ ነበረ ለማወቅ የማዕረጋችንን ስሞች ማስተዋል ይበቃል። የንጉሡ ድንኳን አስቀድሞ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይተከላል። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝአዝማቹ በቀኝ፣ ግራአዝማቹ በግራ፣ ደጀኑም ከኋላ ይሰፍራል። ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ የድንኳን ቤተ ክርስቲያኑም እያንዳንዱ የታወቀ ስፍራ ነበረው። ሰፈሩ ዛሬ እዚህ፣ በወሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ቢተከል ሥርዓቱ አይለወጥም ነበርና፣ በጨለማ የደረሰ ሰው እንኳ የንጉሡን ድንኳን አይቶ የጌታውን ማደሪያ ያገኛል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ገባር ሰፈር እያልን ስንጠራ፣ ሳናውቀው ያንኑ የድንኳን አቀማመጥ መጥራታችን ነው።

ስንቁም ለመንገድና ለብርድ የተመረጠ ነበር። በሶው፣ ጭኮው፣ ቋንጣውና ድርቆሹ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቆያል። ለልብስ በርኖስ፣ ለመኝታ ከበግ ጠጕር የተሠራ ባናና ዝተት፣ ከሥርም ቁርበት ይነጠፋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የእንጦጦን ብርድ አሸነፈው ማለት አይቻልም። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነፋሱ ድንኳኑን ሲያናውጠው ያድራል፤ ከበስተ ኋላው ያለው የሱሉልታ ሜዳም በማለዳ ውርጭ ወርዶበት ነጭ ሆኖ ይታያል። ተራራው ጠላትን ከሩቅ ለማየትና ለመከላከል እጅግ የተመቸ ነበር። ለውሃና ለማገዶ ግን አልተመቸም። በዙሪያው ያለው ዛፍ እየተቈረጠ ባለቀ ቍጥር እንጨት የሚመጣበት መንገድ ይረዝማል፤ የሚሸከመውም መኰንኑ ሳይሆን ድኻው ነበር።

የእቴጌ ጣይቱ አስተዋይነት የታየው በዚህ ላይ ነው። ከእንጦጦ በታች ባለው ሜዳ ሙቅ ውሃ የሚፈልቅበት ስፍራ አለ። የአገሩ ባለቤቶች ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ብለው ይጠሩት ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ደግሞ ፍል ውሃ አሉት። በብርዱ ቁርጥማት የያዘው ሁሉ እየወረደ ይታጠብ ነበር። ሌላው ታጥቦ ሲመለስ፣ እቴጌ ጣይቱ ግን የአየሩን መስማማትና የቦታውን ስፋት ልብ ብለው ተመለከቱ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር ዘመቻ በሄዱ ጊዜ፣ እርሳቸው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ተቀመጡ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱም እየተከተሉ ከድንኳን ወደ ጎጆ፣ ከጎጆም ወደ ሰቀላና ወደ አዳራሽ ዐለፉ። የአዲስ ከተማ መቈርቈር ለመጪው ደስታ ቢሆንም፣ ቀድሞ በዚያ ምድር ከብቱን ያሰማራ ለነበረው ሕዝብ መሬቱን ማጣት እንደ ነበረ ዛሬ ታሪክን ስንጽፍ ልንሸፍነው አይገባም።

ንግሡ ግን በዚያው በብርዱ ተራራ ላይ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲደፉ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው እቴጌነቱን ተቀበሉ። የውጫሌ ውል 17ኛ ክፍል የአገርን ነፃነት የሚነካ ሆኖ በተገኘ ጊዜም አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የመጀመሪያይቱ እርሳቸው ናቸው።

በ1888 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ እቴጌይቱ ወደ ድንኳን ኑሮ ተመለሱ። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ከነጓዙ ከጥቅምት እስከ የካቲት በደጋው እየሰፈረና እየተነሣ ሲጓዝ፣ የራሳቸውን ጦር ይዘው፣ የስንቁንም ነገር እየተቈጣጠሩ አብረው ዘለቁ። በመቀሌ የተመሸገው የኢጣልያ ጦር የሚጠጣውን ውሃ ለመያዝ ምክሩን ያቀረቡት እርሳቸው መሆናቸው ይታወቃል። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ጦሩን ሲያበረታቱ፣ በሰፈር ያሉትም ሴቶች ለተዋጊውና ለቍስለኛው ውሃ እንዲያመላልሱ ሲያደርጉ ዋሉ። ሰፈርን የሚያውቅ ሰው የውሃን ዋጋ ያውቃልና፣ ያ ምክር ከእንጦጦ ኑሮ የተገኘ ትምህርት ይመስለናል።

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባም እንደ ቀደሙት ሰፈሮች ልትለቀቅ ምንም አልቀራትም ነበር። እንጨቱ ዐልቆ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ይዛወራል ተብሎ ሥራ ተጀምሯል። ከተማይቱን ያጸናት ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ በማደጉ ማገዶውንም የቤት ሥራ እንጨቱንም ስለ ሰጠ መኳንንቱ ድንኳናቸውን መንቀል ተዉ። እቴጌይቱም በከተማይቱ የመጀመሪያ የሆነውን፣ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አቋቋሙ። ያም ሆኖ እንጨት መሸከሙ ከድኻው ጫንቃ አልወረደም፤ ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የከተማይቱን ምድጃ ሲያነዱ ኖሩ።

ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን በእጃቸው አደረጉ፤ በሹም ሽሩና በጋብቻው ነገር ግን ከሸዋ መኳንንት ጋር ተቃቃሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተገልለው በሽተኛ ባላቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም፣ እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። ከስንት ዓመት በፊት ትተውት ወደ ወረዱት ብርድ ተመልሰው ወጡ ማለት ነው። በዚያም አራት ዓመት ያህል በጸሎት ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። በሌሊት ወደ ታች ሲመለከቱ የሚያዩት የእሳት ብርሃን ራሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ ብርሃን ነበረ።

ከዚህ ታሪክ ተማሪውና አዲሱ ሹም ምን ይማራል? ሹመት እንደ ድንኳን ነው፤ ዛሬ ተተክሎ ነገ ይነቀላል። ተነቅሎ ሲሄድ በስፍራው የሚቀረው፣ ባለ ሥልጣኑ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ እንጨቱንም ማን እንደሚሸከም አስቦ የሠራው ሥራ ብቻ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በኩል የሚያልፍ አንባቢ ወደ ተራሮቹ ቀና ብሎ ሲመለከት ይህን ቢያስብ ደስ ይለናል።