ከመሣሪያው ቀጥሎ ባለሙያው፦ ማሪ ኩሪና የጦርነት ዘመን የራዲዮሎጂ ሥልጠና

መግቢያ

ማሪ ኩሪ በአብዛኛው የምትታወሰው ፖሎኒየምንና ራዲየምን በማግኘቷ፣ እንዲሁም ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት በመቀበሏ ነው። ከ1914 እስከ 1918 በፈረንሳይ የጦር ግንባር ያከናወነችው ተግባር ግን ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ የበጎ አድራጎት ምዕራፍ ብቻ ይነሳል። ይህ ጽሑፍ ያንን ዘመን ከሙያ ሥልጠና አንጻር ይመረምራል። ኩሪ የራዲዮሎጂ አገልግሎት የሚጸናው በሠለጠነ የሰው ኃይል መሆኑን ቀድማ ተረድታ ነበር፤ በዘመኑ ሥልጠና በቂ ስፍራ ያላገኘው የጨረር ጥበቃ ጉዳይ ደግሞ ለራሷ ሕይወት አስጊ ሆኗል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጨረር ምርምር ያደረሰው መንገድ

ማሪያ ስክዎዶፍስካ ኖቬምበር 7 ቀን 1867 በዋርሶ ተወለደች። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሩሲያ አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ማሪያ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ስለማይቀበል ከፍተኛ ትምህርት የጀመረችው በኅቡዕ ይካሄድ በነበረና በራሪ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በሚጠራ የትምህርት ማኅበር ነው። ከታላቅ እህቷ ከብሮኒስዋቫ ጋርም ቃል ተጋባች፤ ብሮኒስዋቫ በፓሪስ የሕክምና ትምህርቷን እስክታጠናቅቅ ማሪያ በሰው ቤት ልጆችን እያስተማረች ገንዘብ ልትልክላት፣ ቀጥሎም ተራው የታናሺቱ ሊሆን ተስማሙ።

ማሪያ በ1891 ፓሪስ ገባች። በሶርቦን በ1893 የፊዚክስ ትምህርቷን አንደኛ ሆና፣ በ1894 ደግሞ የሒሳብ ትምህርቷን ሁለተኛ ሆና አጠናቀቀች። በ1895 ከፊዚክስ ሊቁ ከፒየር ኩሪ ጋር ተጋባች፤ በ1898 ሁለቱ ፖሎኒየምንና ራዲየምን ማግኘታቸውን አስታወቁ። በ1903 የፊዚክስ ኖቤልን ከባሏና ከሄንሪ ቤክሬል ጋር ተካፈለች። ፒየር በ1906 በፈረስ ጋሪ አደጋ ከሞተ በኋላ የእሱን ወንበር ተረክባ በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1911 የኬሚስትሪ ኖቤልን ለብቻዋ ተቀበለች። ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን በቀጥታ ከሕክምና ራጅ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ በዚያ መስክ እሷም በ1914 ጀማሪ ነበረች።

የግንባሩ ችግር

ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 መጨረሻ ነው። ግኝቱ ለጦር ቁስለኞች አገልግሎት ለመዋል ብዙ አልቆየም። በ1896 በኢትዮጵያ ላይ በተካሄደው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች በክንዳቸው የቀረው ጥይት ያለበትን ስፍራ ለማወቅ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ መርምሯቸዋል። ይህም በጦር ሕክምና ታሪክ ራጅ ሥራ ላይ ከዋለባቸው የመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

ከ18 ዓመታት በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ግን መሣሪያው በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ውስጥ ተወስኖ ነበር። በግንባሩ አቅራቢያ የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች የጥይትና የመድፍ ፍንጣሪ ያለበትን ሳያዩ ሥጋ እየቀደዱ መፈለግ ግድ ይሆንባቸው ነበር። ኩሪ ይህን ክፍተት ለመድፈን ተነሳች። የራጅ ምርመራን መሠረታዊ ዕውቀት ከፈረንሳዊው የራዲዮሎጂ ፈር ቀዳጅ ከአንትዋን ቤክሌር ቀሰመች፤ የሰውነት ክፍሎችን ጥናት መጻሕፍት አነበበች፤ በ1916 የመኪና መንጃ ፈቃድ አወጣች። በቀይ መስቀል የራዲዮሎጂ አገልግሎት ኃላፊ ሆና ከለጋሾች መኪናና ገንዘብ ሰበሰበች።

የመጀመሪያዋ የራጅ መኪና በ1914 መጸው ወደ ግንባር ተንቀሳቀሰች። አሠራሯ ቀላል ነበር። የመኪናዋ ሞተር ዲናሞውን ያሽከረክራል፤ ዲናሞው ለራጅ ቱቦው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የምርመራ ክፍሉ በጥቁር መጋረጃ ይጨልማል፤ የቁስለኛው ምስልም በሚያበራ ሰሌዳ ላይ ይታያል። ወታደሮች ትንንሽ ኩሪዎች ብለው የሰየሟቸው እነዚህ መኪኖች 20 ያህል ደረሱ። ከእነሱ በተጨማሪ 200 ያህል ቋሚ የራጅ ክፍሎች ተቋቋሙ። በዚህ አገልግሎት የተመረመሩት ቁስለኞች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል።

የራዲየም ተቋሙ ትምህርት ቤት

መሣሪያው በተሰራጨ መጠን የባለሙያ እጥረቱ ጎልቶ ወጣ። አንድ ምስል ፍንጣሪው በአጥንቱ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን ያሳያል፤ ከቆዳ በታች ምን ያህል እንደጠለቀ ግን አይናገርም። ጥልቀቱን ለማወቅ ቱቦውን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ አንቀሳቅሶ ሁለት ምስል መውሰድ፣ በምስሎቹ መካከል ያለውን ፈቀቅታ መለካት፣ ቀጥሎም በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ስሌት ርቀቱን ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የሚያቀርበው ምስል ቀዶ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችል ነበር።

የመጀመሪያዋ ረዳት የ17 ዓመቷ ልጇ ኢሬን ነበረች። ኢሬን የሶርቦን ትምህርቷን ሳታቋርጥ ከእናቷ ጋር ወደ ግንባር ተመላለሰች፤ ብዙም ሳይቆይ በቤልጅየም ግንባር የራጅ ክፍል በራሷ ኃላፊነት መርታለች። ከ1916 ጀምሮ ኩሪ በፓሪስ የራዲየም ተቋም የሴት ራጅ ሠራተኞችን ማሠልጠኛ ከፈተች፤ ኢሬንም ከአስተማሪዎቹ አንዷ ሆነች። ሥልጠናው ሳምንታትን ብቻ የሚወስድ ሲሆን የኤሌክትሪክንና የራጅን ንድፈ ሐሳብ፣ የሰውነት ክፍሎችን ጥናትና የተግባር ልምምድን አጣምሮ ይዞ ነበር። ሠልጣኞቹ ከተለያየ የትምህርትና የኑሮ ደረጃ የመጡ ነበሩ፤ የሒሳብ መሠረት የነበራቸውም፣ ብዙ ያልተማሩም ይገኙባቸው ነበር። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 150 ያህል ሴቶች ሠልጥነው ወደ ሆስፒታሎች ተሠማሩ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ወደ አገራቸው መመለሻቸውን ይጠባበቁ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች በዚያው ተቋም ተምረዋል።

በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ሁለት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ። አንደኛ፣ ኩሪ የመግቢያውን በር ሰፊ አድርጋ የመውጫውን መመዘኛ በተግባር ብቃት ላይ አቆመች። ሁለተኛ፣ ፊዚክስን ከሰውነት ክፍሎች ጥናት ሳትነጥል አስተማረች። ልምዷን በ1921 ራዲዮሎጂና ጦርነት በተሰኘ መጽሐፍ አሳትማለች።

የጨረር ጥበቃ ጉድለት

በዚያ ዘመን ራጅ ቆዳን እንደሚያቃጥል ይታወቅ ነበር። ለዓመታት የሚከማቸው ጉዳት ግን በወጉ አልተመረመረም። ሠራተኞች ዛሬ ከሚፈለገው እጅግ ባነሰ መከላከያ ለረጅም ሰዓታት ይሠሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው የወሰደው የጨረር መጠን የሚመዘገብበት ሥርዓትም አልነበረም። የጨረር ጥበቃን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የተቋቋመው በ1928፣ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ከ12 ዓመታት በኋላ ነው።

ማሪ ኩሪ ጁላይ 4 ቀን 1934 በመቅኔ መድከም በሚከሰት የደም ማነስ አረፈች። በ1995 አጽሟ ወደ ፓሪስ ፓንቴዮን ሲዛወር ምርመራ ያካሄዱ የጨረር ጥበቃ ባለሙያዎች በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ የለኩት የራዲየም መጠን ዝቅተኛ ነበር። ስለዚህም ለሕመሟ ከራዲየም ይልቅ በጦርነቱ ዘመን የወሰደችው ራጅ የላቀ ድርሻ ሳይኖረው እንዳልቀረ ገምተዋል። ኢሬንም በ1956 በደም ካንሰር ሞተች።

ማጠቃለያ

ከናፖሊ ሆስፒታል እስከ ፈረንሳይ ግንባር ባሉት 18 ዓመታት ራጅ የታወቀ መሣሪያ ነበር፤ ወደ ቁስለኛው አልጋ የደረሰው ግን መሣሪያው ተንቀሳቃሽ፣ ሠራተኛውም ሠልጣኝ ሲሆን ነው። የኩሪ ትምህርት ቤት በሳምንታት ውስጥ ብቁ ባለሙያ ማፍራት እንደሚቻል አሳይቷል። የመሥራቿ አሟሟት ደግሞ ባለሙያው ራሱን የሚጠብቅበት ዕውቀት ከፊዚክሱና ከሰውነት ክፍሎች ጥናቱ እኩል ስፍራ ሊሰጠው እንደሚገባ ያመለክታል። ለራዲዮሎጂ ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጹም ሆኑ ሙያውን ለመምረጥ የሚያስቡ የሕክምና ተማሪዎች ይህን ታሪክ ሲመረምሩ ሁለቱን ገጽታዎች አንድ ላይ ሊመለከቷቸው ይገባል።