ሂዮብ ሉዶልፍና የዋቢ ነገር

ለአንድ ጆርናል የላክሁት ጽሑፍ ይዘቱ ሳይታይ ተመልሶ መጣልኝ። ምክንያቱ ዋቢዎቼ በጆርናሉ ስልት አለመጻፋቸው ነው። የኢትዮጵያውያኑን ደራስያን ስም እንደ ፈረንጅ ገልብጫለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን የእኛንና የአውሮፓውያኑን ደባልቄያለሁ። ይሄ ጥፋቴ ነው፣ አርሜዋለሁ። መዋጥ ያቃተኝ ሦስተኛው ነው። ቅኔ ያስረዱኝን አንድ መሪጌታ በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቼ ነበር፤ አውጣቸው ተባልኩ። የታዘዝኩት የኤፒኤ ስልት እንዲህ ያለውን የቃል መረጃ በጽሑፉ መሀል በቅንፍ ጥቀስ እንጂ ዝርዝር ውስጥ አታስገባ ይላል፤ አንባቢ ፈልጎ ሊያገኘው አይችልማ! ሕጉ ምክንያት አለው። ግን የጽሑፌ ግማሽ የሳቸው እውቀት ነው።

ይህን እያብሰለሰልኩ ሳለ ነው ስለ ሂዮብ ሉዶልፍ ማንበብ የጀመርኩት። ስሙን በትምህርት ክፍላችን የማያውቅ የለም፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ጀርመናዊ ነው ተብለን እናልፈዋለን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሰውየውን ከምንጭ አጠቃቀሱ አንጻር ለማየት እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው (ትምህርቴን ወስጃለሁ)።

ሉዶልፍ በ1624 ኤርፉርት ከተማ ተወለደ። እዚያውና በሆላንድ ሌይደን ተማረ። ግዕዝን የጀመረው ገና በወጣትነቱ ከመጻሕፍት ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የታተመ ግዕዝ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በ1513 ሮም የታተመው መዝሙረ ዳዊትና በ1548 እና 1549 እዚያው በአባ ተስፋ ጽዮን አማካይነት የታተመው ሐዲስ ኪዳን ከዋናዎቹ ናቸው። አስተማሪ የሌለው ተማሪ ከዚህ በላይ የት ይሄዳል?

አስተማሪውን ያገኘው በ1649 ነው። ለሌላ ሥራ ሮም ተልኮ ሳለ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አገኘ። ከነሱ አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው፣ የተማሩ ካህን። ኢየሱሳውያን በአፄ ፋሲል ዘመን ከአገር ሲባረሩ ከነሱ ጋር የወጡ ናቸው። ጀርመናዊው አገራቸውን አያውቅ፣ እሳቸው ጀርመንኛ አያውቁ፤ ከጊዜ በኋላ መግባቢያቸው ግዕዝ ሆነ። አንዱ ከመጽሐፍ የለቀመው ግዕዝ፣ የሌላው ደግሞ የቤተ ክህነት ግዕዝ።

በ1652 የሉዶልፍ ጌታ፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት፣ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዛቸው። እዚያ ስለ አገሩ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ እንስሳውና ስለ ምግቡ ተጠየቁ። በዛሬ ቋንቋ ሙሉ የመስክ ጥናት ነው፤ የተገላቢጦሽ ሆኖ መስኩ ወደ ተመራማሪው ሄደ እንጂ። ከዚያ ወዲያ በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ እስክንድሮና አካባቢ መርከቧ ሰጥማ ሞቱ።

ሉዶልፍ የተሰበሰበውን አልሸሸገም፣ በችኮላም አላወጣውም። የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ በላቲን ፍራንክፈርት ላይ የታተመው በ1681 ነው። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1691 የዚያው መጽሐፍ ማብራሪያ ለብቻው ዳጎስ ብሎ ወጣ፤ ማስረጃው፣ ክርክሩ፣ ሰነዱ ሁሉ እዚያ ነው። የግርጌ ማስታወሻ አድጎ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆነ ማለት ይቻላል። የአባ ጎርጎርዮስ ምስል የታተመውም እዚሁ ነው። አንድ የቃል ምንጭ በስሙ፣ በአገሩና በመልኩ ሲጠቀስ እስቲ አስቡት! እኛ «አንድ መረጃ ሰጪ እንደገለጹት» ብለን እናልፋለን።

ስም መጥራት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ከሉዶልፍ በፊት በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ስለ ኢትዮጵያ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እሱም የመረጃዬ ምንጭ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ስም ጠቅሷል። መጽሐፉ ግን በተረት የተሞላ ነው፤ ኢትዮጵያ የኖረው ፔድሮ ፓኤዝ ውድቅ ለማድረግ ብዙ ደክሟል፤ ሉዶልፍም አልማረውም። የሁለቱ ልዩነት ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የሰማውን ከታተመው ጋር፣ በተለይም ፖርቱጋላዊው ቴሌዝ በ1660 ካሳተመው ታሪክ ጋር፣ ማስተያየቱ ነው። የሰማውን የሰማሁት፣ ያነበበውን ያነበብኩት ብሎ ይለያል።

በሱም ላይ ደርሶበታል። የግዕዝ መዝገበ ቃላቱ በ1661 ለንደን ሲታተም ሥራውን እንዲከታተል የተላከው ተማሪው ዋንስሌበን የራሱን ጨመረበት። የማን ቃል የማን እንደሆነ ተደበላለቀ። ሉዶልፍ በዚህ በጣም አዘነ፤ መዝገበ ቃላቱን አሻሽሎ እንደገና ያሳተመው በ1699፣ በ75 ዓመቱ ነው።

የአማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የወጡት በ1698 ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት በኋላ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ያን ጊዜ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ጥቂት ነበር። አማርኛውን ከማን እንደቀዳው ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ግን ሰውየውን ቅዱስ ላደርገው አልሻም። መግቢያው ላይ ምስጋና፣ ገጹ ላይ ምስል ሰጠ፤ በደራሲነት የተጻፈው ግን የሱ ስም ብቻ ነው። የዘመኑ ልማድ ነበር ይባል ይሆናል። የእኛስ ዘመን ልማድ ምንድነው? ሉዶልፍ በ1704 ፍራንክፈርት ውስጥ ሞተ፤ ዛሬም ሰዋስውን የምንጠራው በሱ ስም ነው።

ለሙከራ ያህል «አባ ጎርጎርዮስ» ብዬ ዞቴሮ ላይ አስገባሁ። ፕሮግራሙ ጎርጎርዮስን የቤተሰብ ስም፣ አባን የግል ስም አድርጎ «ጎርጎርዮስ፣ አ.» ብሎ አወጣልኝ። መነኩሴው በስተርጅና ቤተሰብ አገኙ። ለዚህ መላው የኢትዮጵያውያንን ሙሉ ስም በአንድ ሣጥን ውስጥ መክተት ነው፤ ያልሞከራችሁ ሞክሩት፣ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ጽሑፌን ባለፈው ሳምንት መልሼ ልኬዋለሁ። መሪጌታን ከዝርዝሩ አውጥቻለሁ፤ ሕግ ሕግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን የሳቸው የሆነው ሐሳብ በተነሳበት ቦታ ሁሉ ስማቸውንና የነገሩኝን ቀን አስገብቻለሁ፤ ስለ ጥናቱ ዘዴ በሚያወራው ክፍልም ማን እንደሆኑና የት እንደተማሩ የሚናገር አንድ ሙሉ አንቀጽ ጨምሬያለሁ። ከመላኬ በፊት አንብቤላቸው ሁለት ቦታ አርመውኛል። እርማቱንም በቅንፍ ጠቅሼዋለሁ።