ሄርማን ሚንኮቭስኪና ስርጉድ የሌላቸው አካላት
ከካፋ ጫካ ተለቅማ የተፈለፈለች አንዲት የቡና ፍሬ በእጃችን ይዘን ብንመለከታት በጠፍጣፋው ፊትዋ ላይ ስንጥቅ አለባት። ከስንጥቁ ከአንደኛው ከንፈር እስከ ሁለተኛው ቀጥ ያለ መስመር ቢዘረጋ መስመሩ ከፍሬዋ ውጭ በአየር ላይ ያልፋል። በደህና ብርቱካን ውስጥ ግን የትኞቹንም ሁለት ነጥቦች ብናገናኝ መስመሩ ከብርቱካኑ አይወጣም። እንዲህ ያለውን ስርጉድ የሌለበት አካል የቁጥርን ምሥጢር መፈለጊያ ያደረገው ሄርማን ሚንኮቭስኪ ነው።

ሚንኮቭስኪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 በካውናስ አጠገብ በአሌክሶታስ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በኮኒግስበርግም አደገ። የፓሪስ የሳይንስ አካዴሚ አንድ ቁጥር የአምስት ካሬ ቁጥሮች ድምር ሆኖ በስንት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል የውድድር ጥያቄ ባወጣ ጊዜ፥ ይህ ወጣት ደንቡ ፈረንሳይኛ ቢያዝም በጀርመንኛ ጽፎ ላከ። በ1883 ገና በ18 ዓመቱ ተሸለመ። ሽልማቱን አብሮ ያገኘው የኦክስፎርዱ ሄንሪ ስሚዝ ግን መልሱን በ1867 አሳትሞ ነበረ፤ አካዴሚው ይህን ሳያውቅ ጥያቄውን አወጣ፥ ፍርዱም ሲነገር ስሚዝ ሞቶ ነበረ። ነገሩ ለአካዴሚው የሚያስመሰግን አይመስለንም።

ሚንኮቭስኪ በቦን፥ በኮኒግስበርግና በዙሪክ አስተማረ፤ በዙሪክ ከተማሪዎቹ አንዱ አልበርት አይንሽታይን ነበረ። በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳውን ማንም ተማሪ በደብተሩ ሊሞክረው ይችላል። ይኸውም በካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ ከመስመሮቹ መገናኛዎች አንዱን መካከል አድርገን፥ በመካከሉ ዙሪያ ፊትና ኋላው አቻ የሆነ ስርጉድ የለሽ ቅርጽ ብንስል፥ ስፋቱም ከአራት ካሬ ቢበልጥ፥ ቅርጹ ሌላ መገናኛ ሳይዝ አይቀርም። ጠባብና ረጅም አድርገን ልናታልለው ብንሞክርም አይሆንልንም።

የሙኒኩ ሄርማን ብሩን በ1887 የጀመረውንም ሐሳብ እርሱ አጠናከረው። እንዲህ ያለው አቻ አካል በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ ቢቆረጥ በመካከሉ የሚያልፈውን ቁራጭ በስፋት የሚበልጠው የለም። ብርቱካን የሚቆርጥ ሕፃን ይህን ያውቃል ይባል ይሆናል፤ ለማናቸውም አካል ማረጋገጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥር 12 ቀን 1909 ሚንኮቭስኪ በጎቲንገን ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በ44 ዓመቱ ሞተ። ጽሑፎቹን ሰብስቦ ያሳተመለት የወጣትነት ወዳጁ ዳቪድ ሂልበርት ነው።

በ1956 ቡስማንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አዲስ ጥያቄ አነሡ። ከሁለት አቻ አካላት የአንደኛው የመካከል ቁራጭ በየአቅጣጫው ከሁለተኛው ቢያንስ፥ ጠቅላላ ይዘቱስ የግድ ያንሳልን? ማንም ሰው አዎን ለማለት ይቸኩላል። ርዝመት፥ ወርድና ቁመት ላለው ለእኛ ዓለም፥ እስከ አራት ልኬትም ድረስ፥ መልሱ በእርግጥ አዎን ሆነ። ከአምስት ልኬት ጀምሮ ግን ሐሰት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ጉዳዩም በሙሉ የተዘጋው በ1999 ነው።