አቡ ዘር አል-ጊፋሪና የሀብት ጥያቄ

አቡ ዘር አል-ጊፋሪ ከሞተ 1300 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስሙ ካይሮ ላይ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ተነሣ። የግብፅ ግራ ዘመሞች የሀብት ክፍፍሉ ይስተካከል ሲሉ እሱን ምስክር አድርገው ስለ ጠሩ፣ የአል-አዝሃር የፈትዋ ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ በእስልምና ውስጥ ኮሙኒዝም ቦታ እንደሌለው አስታወቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ኢራናዊው ዓሊ ሸሪዓቲ አንድ ግብፃዊ ደራሲ ስለ አቡ ዘር የጻፈውን መጽሐፍ ወደ ፋርስ ቋንቋ መልሶ፣ ሰውየውን ፈጣሪውን የሚያመልክ ሶሻሊስት አድርጎ ለአገሩ ወጣቶች አቀረበው። አንዱ ወገን ይዞት ሊሮጥ፣ ሌላው ሊያስጥለው የሚሻማበት ሰው ነው።

የሰባተኛውን መቶ ዘመን የበረሃ ሰው የዛሬ ድርጅት መታወቂያ ማደል ከንቱ ድካም ነው። ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ይህ ሰው በወጣትነቱ አንድ ሙሉ ጎሣ ከኋላው ሊያሰልፍ ሲችል፣ በሸመገለ ጊዜ እውነት ይዞ እየጮኸ ለምን ብቻውን ቀረ የሚለው ነው።

አቡ ዘር የመጠሪያ ስሙ ጁንዱብ ኢብን ጁናዳ ነበር። ጎሣው ጊፋር ከመካ ወደ ሶርያ በሚወስደው የሲራራ መንገድ አጠገብ ይኖር ነበር። ድኃ ጎሣ ነው፤ በአካባቢውም መንገደኛ በመዝረፍ ስሙ ይነሣ ነበር። ይህን የመንገድ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መካ በዚያ ዘመን እርሻ የሌላት፣ በንግድና በካዕባ ጎብኚዎች የምትኖር ሸለቆ ናት። እዚያ የሀብት በደል ላይ የተነሣ ተቃውሞ ከእስልምና በፊትም አንድ ጊዜ ቀንቶት ነበር። 590 ገደማ ከየመን ከዘቢድ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ይሸጣል። አል-ዓስ የበኑ ሰህም ጎሣ ትልቅ ሰው ነበርና ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን ከለከለ። እንግዳው ነጋዴ በከተማው ዘመድ የለውም፤ ከደጅ ደጅ ቢል ሰሚ አጣ። በመጨረሻ ቁረይሾች በካዕባ ዙሪያ በተቀመጡበት ሰዓት፣ ካዕባን ቁልቁል ከሚያየው ከአቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን ጮክ ብሎ በግጥም አሰማ። በዚህ ጊዜ የሃሺም፣ የሙጠሊብ፣ የዙህራ፣ የተይምና የአሰድ ጎሣዎች በአብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ መካ ውስጥ የተበደለ ሰው የከተማው ተወላጅም ሆነ እንግዳ፣ ገንዘቡ እስኪመለስለት አብረውት ሊቆሙ ተማማሉ። ከዚያም ወደ አል-ዓስ ሄደው ዕቃውን አስመለሱ። ሒልፍ አል-ፉዱል የሚባለው ቃል ኪዳን ይህ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ያህል ወጣት ሆነው በቦታው ነበሩ፤ ነቢይ ከሆኑ በኋላም በዚያ መሐላ ዛሬም ቢጠሩ እንደሚገኙ ይናገሩ ነበር።

የአንድ መንገደኛ እሮሮ የከተማ ጉዳይ የሆነው መካዎች ድንገት ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ የተማማሉት ጎሣዎች የራሳቸውን ሲራራ ወደ የመን ለመስደድ አቅም የሚያንሳቸው ነበሩና፣ የየመን ነጋዴ ፈርቶ ከቀረ ገበያቸው ይዘጋል። ጥያቄውም ጠባብና ግልጽ ነበር፤ ለወሰድከው ዕቃ ክፈል ነው። ይህን አልቀበልም የሚል ነጋዴ በአደባባይ ሊቆም አይችልም። ከመሐላው ውጭ ከቀሩት አንዱ የዐብድ ሸምስ ወገን እንደ ነበረም ልብ ይሏል። ወደፊት የምናገኛቸው ዑስማንና ሙዓውያ የተወለዱት ከዚያ ወገን ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አቡ ዘር የአዲሱን ነቢይ ወሬ ሰምቶ መካ ገባ። አስቀድሞ የላከው ወንድሙ ኡነይስ ያመጣለት መልስ አላጠገበውም ነበር። የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ የዘምዘም ውኃ እየጠጣ በካዕባ አጠገብ ሰነበተ፤ በኋላ ወጣቱ ዓሊ አይቶት በስውር ወደ ነቢዩ ወሰደው። ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አራተኛው ወይም አምስተኛው ነው ይባላል። ነቢዩ ነገሩን ደብቆ ወደ አገሩ እንዲመለስ ቢመክሩትም፣ እሱ ካዕባ ፊት ቆሞ እምነቱን ጮኸ። ቁረይሾችም ሊገድሉት እስኪደርሱ ደበደቡት።

ያዳነው የነቢዩ አጎት ዐባስ ነው። ዐባስ በላዩ ላይ ተደፍቶ ለደብዳቢዎቹ ያስታወሳቸው ስለ ምሕረት አልነበረም፤ ሰውየው ከጊፋር መሆኑንና የንግድ መንገዳቸውም በጊፋር አገር የሚያልፍ መሆኑን ነው። ወዲያው ለቀቁት። በማግሥቱ እንደገና ጮኸ፣ እንደገና ተደበደበ፣ በዚያው ቃል እንደገና ዳነ። በዚያው ዘመን ቢላልን የመሰሉ ባሮች በመካ ጠራራ ፀሐይ ድንጋይ ተጭኖባቸው ሲሰቃዩ የሚያስጥላቸው መንገድም ጎሣም አልነበራቸውም። ተቃዋሚውን ያስከበረው የድምፁ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ከኋላው የቆመው ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ አቡ ዘር ወደ ጎሣው ተመልሶ የሠራው ሥራ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሕይወቱ ሁሉ ፍሬ ያለው ነው። አስቀድሞ ወንድሙንና እናቱን፣ ቀጥሎ ከጎሣው እኩሌታውን አሳመነ። የቀሩት ነቢዩ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ እንደሚገቡ ቃል ሰጡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ጎረቤታቸው አስለም የተባለው ጎሣም ተከተላቸው። በዝርፊያ ይታወቅ የነበረ ጎሣ በአንድ ሰው የዓመታት ቅስቀሳ ተለወጠ። አቡ ዘር ይህን የሠራው በሚያውቃቸው ሰዎች መካከል፣ በቋንቋቸው፣ ችግራቸውን አብሮ እየኖረ ነው። እሱ ራሱ መዲና የገባው ዘግይቶ፣ ከኸንደቅ ጦርነት በኋላ ነው።

በመዲና ስለ ነበረው ኑሮ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚነካ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ በእናቱ ዘር ሰደበው። ብዙ ተራኪዎች ተሰዳቢው እናቱ ሐበሻዊት የሆነችው ቢላል ነው ይላሉ። ነቢዩ አቡ ዘርን የጃሂሊያ ጠባይ እንዳልለቀቀው ነግረው ገሠጹት፤ ባሮች ወንድሞች እንደሆኑና ጌታው የበላውን ሊበሉ፣ የለበሰውን ሊለብሱ እንደሚገባም አስተማሩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አቡ ዘር አንድ ዓይነት ጨርቅ ለሁለት ከፍሎ ራሱና ባሪያው ይለብሱት ነበር። ሰዎች ሁለቱን አንድ ላይ ቢለብሰው ሙሉ ልብስ ይሆንለት እንደ ነበር ሲነግሩት ይህንኑ ስድብና ተግሣጽ ይተርክላቸዋል። በዚያች ምድር ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1962፣ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ፋይሰል ባወጁት የለውጥ ፕሮግራም ነው። ከአገራችን ተግዘው በቀይ ባሕር ተሻግረው በጂዳ የተሸጡት ስንት እንደሆኑ ማን ቆጥሯቸው!

ነቢዩ በ632 ካረፉ በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ ነገር ሁሉ ተለወጠ። ሶርያ፣ ኢራቅና ግብፅ ተያዙ። ኸሊፋ ዑመር መዝገብ አቋቁመው ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ቀዳሚነቱ የዓመት ድርጎ ቆረጡ፤ ለአቡ ዘርም 4000 ድርሃም ተቆርጦለት እንደ ነበር ይተረካል። እሱ ግን የዓመት ቀለቡን አስቀርቶ የቀረውን ያድል ነበር። በ644 ዑመር ተገድለው ዑስማን ተተኩ። ዑስማን በ647 የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጂዳ አዛወሩ። ሹዐይባ በ615 የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ነጃሺ አገር የተሳፈሩባት ትንሽ ወደብ ነበረች፤ አሁን የሚመጣው ዕቃና ሕዝብ ግን ሰፋ ያለ በር አስፈልጎታል። የጂዳ ታላቅነት የሚጀምረው ከዚያ ውሳኔ ነው። ገንዘቡ በሁሉም በር ይገባ ነበር። ለኸሊፋው ዘመዶች ለመርዋንና ለሐሪስ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ትልልቅ ስጦታ ተሰጠ መባልም በሰፊው ተሰማ።

አቡ ዘር ይህን ጊዜ ሶርያ ነበር፤ ገዥው ሙዓውያ ነው። ሙዓውያ በደማስቆ አረንጓዴው ቤት የተባለውን ቤተ መንግሥት ሲያሠራ፣ አቡ ዘር ቤቱ በሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ክህደት፣ በራሱ ከሆነ ብክነት መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። ወርቅና ብር የሚያከማቹትን የሚያስጠነቅቀውን የቁርኣን አንቀጽ በየአደባባዩ ያነብ ነበር። ሙዓውያ አንቀጹ የሚመለከተው የአይሁድና የክርስቲያን መሪዎችን ነው ሲል፣ አቡ ዘር እኛንም እነሱንም ነው ብሎ ተሟገተ። ሙዓውያ ሊፈትነው ፈልጎ በሌሊት 1000 ዲናር ላከለት፤ በማግሥቱ መልእክተኛው በስሕተት ነው ብሎ ሊያስመልስ ቢመጣ፣ ገንዘቡ ለድኆች ታድሎ አልቆ አገኘው።

ጠበሪ የሚተርከው አንድ ሌላ ክርክርም አለ። ሙዓውያ ግምጃ ቤቱን የአላህ ገንዘብ እያለ ሲጠራ አቡ ዘር የሙስሊሞች ገንዘብ በል አለው። አንዳንዶች የዚህን ታሪክ ሰንሰለት ይጠራጠሩታል፤ ነጥቡ ግን የሰላ ነው። የፈጣሪ ገንዘብ ከሆነ ሹሙ ለፈጣሪ ብቻ ይመልሳል፤ የሕዝብ ከሆነ ግን ሕዝብ ሒሳብ ይጠይቃል።

የደማስቆ ድኆች ከበቡት፤ ባለጠጎችም ከሰሱት። መካከለኛው ሰው ግን አልተነሣለትም። ያ መካከለኛ ሰው የድርጎ ወታደሩ፣ ሱቅ ያለው፣ ሁለት ግመል ያለው ነው። አቡ ዘር ሒሳብ ይጠየቅ ባለ ጊዜ ይህ ሰው ከልቡ ይስማማል፤ ገዥው ቤተ መንግሥት ሲሠራ እሱም አይቷልና። ከቀለብ የተረፈውን ሁሉ ስጥ ባለው ጊዜ ግን የራሱን ከረጢት ይዞ ወደ ኋላ ይላል። አብዛኞቹ ሰሓቦችም ዘካ የተከፈለበት ገንዘብ እንደ ክምችት አይቆጠርም ይሉ ስለ ነበር ሕጉ ከሰውየው ጋር ነበር። እንዲህ አቡ ዘር ሙዓውያንና ባለ ሁለት ግመሉን በአንድ መረብ ያዛቸው፤ ሁለቱ በአንድ ጎን እንዲቆሙም አደረጋቸው። የዘቢዱ ነጋዴ ከአቡ ቁበይስ ላይ የጠየቀው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ በደማስቆ ጊፋር አልነበረም። የከበቡት ሰዎች ሰሚዎች እንጂ ጎሣ አልነበሩም፤ ገዥው ሰብሳቢውን ሲያነሣው ተበተኑ።

በአገራችን በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ይዘውት የወጡት መፈክር ሁለት ቃል ነበር፤ መሬት ለአራሹ። ምን፣ ለማን የሚለውን ለይቶ ስለ ተናገረ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲወጣ የጥቂት ወጣቶች ሐሳብ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ያወጀው ማን እንደሆነና በኋላ በጭሰኛው ላይ የደረሰው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይጠይቃል።

ሙዓውያ ወደ ኸሊፋው ጽፎ አቡ ዘር ወደ መዲና ተጠራ። እዚያም አልተወም፤ የኸሊፋውን ስጦታ በግልጽ ነቀፈ፣ ዘካ የከፈለ ሰው ሌላ ዕዳ የለበትም ያለውን ከዕብ አል-አሕባርን በዱላ መታው ይባላል። ከዚያ ወደ ረበዛ ሄደ። ሺዓዎች ኸሊፋው አግዘውት ነው ይላሉ፤ ብዙዎች የሱኒ ምንጮች ራሱ ፈቅዶ ነው ይላሉ። ቦታው ከኩፋ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመዲና በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የግጦሽ ምድር ነው። ከኩፋ የመጡ ሰዎች ባንዲራ እንዲያነሣና እንዲከተሉት ቢለምኑት እምቢ አለ። ሹማምንትን መገሠጽ እንጂ ሰይፍ መምዘዝ ጉዳዩ አልነበረም። እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ656፣ ከግብፅ፣ ከኩፋና ከበስራ የመጡ ቅሬተኞች ስለ ሹመትና ስለ ግምጃ ቤቱ አቤት እያሉ መዲናን ከበቡ፤ ነገሩም በዑስማን መገደል አለቀ። ግብርን ለማስተካከልና ቤተሰቡ የያዘውን ለግምጃ ቤት ለመመለስ ከልቡ የሞከረ ገዥ ከበኑ ኡመያ መካከል የተገኘው ገና በ717 ነው፤ ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ ይባላል።

ረበዛ ሲደርስ በዚያ ጸሎት የሚመራው ሐበሻዊ ባሪያ ነበር። ለአቡ ዘር ክብር ብሎ ከቦታው ሊለቅለት ሲል፣ አቡ ዘር እንዲቀጥል አድርጎ ከኋላው ቆሞ ሰገደ። በ652 ገደማ እዚያው ታመመ። አጠገቡ ያለችው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ ሙሉ የሚገንዙበት ጨርቅ እንኳ አልነበራቸውም። ከኢራቅ የሚመጡ መንገደኞች ደረሱ፤ አብዱላህ ኢብን መስዑድ አብሯቸው ነበር ይባላል። አቡ ዘር ሹም ወይም የሹም መልእክተኛ የነበረ ሰው እንዳይገንዘው አስማላቸው። ከመካከላቸው ከሹመት ንጹሕ ሆኖ የተገኘው አንድ የአንሷር ወጣት ነበር፤ እናቱ በፈተለችው ጨርቅ ገነዘው። በመንገዱ ዳርም ቀበሩት።