ማይክሮስኮፑን የተወው ሰው

ለመገናኛ መጽሔታችን ጻፍ ስባል የባቻችንን ትዝታ ላነሳ ነበር። ግን ውለታው ያለብን አንድ ሰው አለ፤ የእሱን ሕይወት ላውጋችሁ።

ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1846 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጣሊያን፣ ቫሬዜ ተወለደ። ከፓቪያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ሲመረቅ ገና 20 ዓመቱ ነበር። እኛ በዚያ ዕድሜ አናቶሚ እንሸመድድ ነበር! ቀይ የደም ሴሎች በአጥንት መቅኒ ውስጥ እንደሚሠሩ በ1868 ካሳዩት አንዱ ሆነ። በኋላ ኖቤል የተሸለመው ካሚሎ ጎልጂ፣ በዕድሜ ቢበልጠውም፣ በእሱ ላቦራቶሪ ሠርቷል።

ከዚያ ወደ ቱሪን ሄደ። በደም ውስጥ የሚታዩትን ጥቃቅን ነገሮች ብዙዎች የሌሎች ሴሎች ፍርፋሪ ያደርጓቸው ነበር። እሱ ግን በሕይወት ባሉ እንስሳት የደም ሥር ውስጥ ሲጓዙ አያቸው። ሥሩን ሲያቆስለው ቀድመው የሚጣበቁት እነሱው ሆኑ። ይህን በ1882 አሳተመ፤ ፕሌትሌት የደም ሦስተኛው አካል ተባለ።

ለተማሪዎቼ አተሮስክለሮሲስን የማስረዳው ከዚህ ተነስቼ ነው። ጤነኛው የደም ሥር ሽፋን፣ ኢንዶቴልየም፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን እያመነጨ ፕሌትሌት እንዳይለጠፍ ይከላከላል። ሲጋራ፣ ግፊትና ስኳር ሽፋኑን ሲጎዱት ስብ ከሥሩ ይጠራቀማል። ያ እብጠት የተቀደደ ዕለት ፕሌትሌቶች እንደ ማንኛውም ቁስል ይረባረቡበታል። ደም እንዳይፈስ የተፈጠሩት የልብን ሥር ይዘጋሉ። ከመካከላችን አስፕሪን የታዘዘለት ሁሉ የሚውጠው ይህንኑ መጣበቅ ለመቀነስ ነው።

ቢዞዜሮ በመጨረሻ ዓይኑን ታመመና ማይክሮስኮፑን ተወ። ግን ቤቱ አልተቀመጠም፤ ፊቱን ወደ ሕዝብ ጤና አዞረ። በ1890 ሴናተር ሆነ። በ1901 በሳንባ ምች፣ በ55 ዓመቱ ቱሪን ላይ አረፈ።

ይህን ለምን እንዳነሳሁ ልናገር። የእኔም ዓይን ደክሞ ባለፈው ዓመት ስላይድ ማንበብ አቆምኩ። ለወራት ሰው ማግኘት እንኳ አስጠልቶኝ ነበር። የእሱን ታሪክ እንደገና ሳነብ አፈርኩ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ስለ ደም ግፊት አስተምራለሁ።

በመገናኛችን ዕለት የግፊት መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ቁጥሩን በትልቁ ስለሚያሳይ አልሳሳትም። እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁኝ።