አልፍሬድ ቬገነር፦ የደመናና የበረዶ ተመራማሪ

ከሆሳዕናና ከዱራሜ ወደ ምሥራቅ የሚያዘቀዝቀው ምድር ወደ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። የዚህን ሸለቆ አፈጣጠር የሚያጠና ተማሪ የጀርመናዊውን የአልፍሬድ ቬገነርን ስም የሚያውቀው ከአህጉራት መንሸራተት መላምት ጋር አያይዞ ነው። ቬገነር የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ የአህጉር መሰንጠቅ ጅማሬ አድርጎ የተመለከተ፣ የአፋርንም ምድር በዚሁ ረገድ ለይቶ የጠቀሰ በመሆኑ ይህ አያስገርምም። ሙያው ግን ሥነ ምድር አልነበረም፤ ሕይወቱን የከፈለውም ለአየርና ለበረዶ ምርምር ነው።

በ1880 እ.ኤ.አ. በርሊን ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1905 በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ ካገኘ በኋላ በሊንደንበርግ የአየር ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። በኤፕሪል 1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሉን 52 ሰዓት ተኩል በመብረር የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ከዴንማርክ የጉዞ ቡድን ጋር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ አቀና። በዚያም መለኪያ የተሸከሙ ካይቶችንና ባሉኖችን በገመድ እያሰረ በመልቀቅ የዋልታውን አየር ጠባይ በየከፍታው መዘገበ። አውሮፕላን ገና ሕፃን ነበርና ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም። የቡድኑ መሪ ሚዩሊዩስ-ኤሪክሰን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በዚያው ሞተ።

ቬገነር በ1911 ስለ ከባቢ አየር ቴርሞዳይናሚክስ ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣው አንድ ሐሳብ ከአህጉራቱ መላምት ያነሰ ዝና ማግኘቱ ፍትሐዊ አይመስልም። ከዜሮ ዲግሪ በታች በበረዶ ገጽ ላይ ያለው የሙሌት ተን ግፊት በፈሳሽ ውሃ ላይ ካለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ያልረጉ ጠብታዎችና የበረዶ ቅንጣቶች በአንድ ደመና ውስጥ ሲገናኙ ጠብታዎቹ ይተናሉ፤ ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፤ ከብደውም ይወርዳሉ። በርገሮንና ፊንዳይሰን ሐሳቡን በ1930ዎቹ አስፋፉት። በሆሳዕና ሰማይ የዜሮ ዲግሪው መሥመር ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከተማይቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለተቆረቆረች ከጣሪያዋ 3 ኪሎ ሜትር አይርቅም። የክረምቱ ነጎድጓዳማ ደመና ይህን መሥመር አልፎ ስለሚወጣ፣ በሀድያና በከምባታ የእንሰት ማሳ ላይ የሚወርደው ዶፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በበረዶ ቅንጣትነት ነው።

በዋልታ ግን ጥያቄው ከዝናብ ይሰፋል። ቅንጣቶቹ ጠብታዎቹን ከበሉ ደመናው ይሳሳል፤ ጠብታዎቹ ከጸኑ ደመናው ከታች የሚወጣውን ሙቀት ያፍናል፣ የፀሐይንም ብርሃን ይመልሳል። የባሕሩ በረዶ መቅለጥ ስሌት በዚህ ሚዛን ላይ ይንጠለጠላል። በስሙ የተሰየመው የብሬመርሃቨን ተቋም ፖላር 5 እና ፖላር 6 የተባሉ አውሮፕላኖቹን በ2017 ከስፒትስበርገን ያስነሣው ይህንኑ ለመለካት ነበር።

ቬገነር በ1924 በኦስትሪያ ግራትስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1930 ግን የበረዶውን ውፍረትና የአየሩን ጠባይ ዓመቱን ሙሉ የሚመዘግብ ቡድን እየመራ ወደ ግሪንላንድ ተመለሰ። የመካከለኛው ጣቢያ አይስሚተ ከምዕራቡ ዳርቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ከከምባታው አምባሪቾ ተራራ ጫፍ ጋር ይቀራረባል። ለጣቢያው ስንቅ ለማድረስ በመስከረም የተነሣው ጉዞ በብርዱ ብዛት ተበተነ፤ ቬገነር በጥቅምት መጨረሻ ሲደርስ አብረውት የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው፣ ሎቨ፣ የእግሩ ጣቶች በውርጭ ስለሞቱ በዚያው ከሁለቱ ነዋሪዎች ጋር ከረመ። የጣቢያው ስንቅ ለተጨማሪ ሰው አይበቃም ነበር። ቬገነር 50ኛ ዓመቱን በያዘበት በኖቬምበር 1 ከወጣቱ ግሪንላንዳዊ ከራስሙስ ቪሉምሰን ጋር ወደ ዳርቻው ተመለሰ። በግንቦት 1931 አስከሬኑ በጥንቃቄ ተገንዞ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ቀባሪው ቪሉምሰንና ይዞት እንደሄደ የሚታመነው የቬገነር የመጨረሻ የዕለት ማስታወሻ ግን አልተገኙም።