ኢቫርትስ ግራሃም (1883–1957)፦ የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምናና የሲጋራ ጥናት

ኢቫርትስ አምብሮስ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1883 በቺካጎ ከቀዶ ሐኪም አባት ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1907 ከረሽ የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ መግል የቋጠረን ደረት ያለጊዜው መክፈት ወታደሮችን ይገድል እንደነበር ካሳዩት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። በ1919 በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን የቀዶ ሕክምና ክፍል መምራት ጀመሩ።

ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ግን ከኤፕሪል 5 ቀን 1933 ጋር ነው። በዚያ ዕለት የ48 ዓመቱ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ጄምስ ጊልሞር በባርነስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዕቅዱ የግራ ሳንባቸውን አንድ ክፍል ብቻ ማውጣት ነበር። ደረታቸው ሲከፈት ዕጢው ከታሰበው ወሰን አልፎ ተገኘ። ከፊሉን ቆርጦ መመለስ ካንሰሩን እዚያው መተው ስለነበር ግራሃም የግራውን ሳንባ በሙሉ በአንድ ጊዜ አወጡ። በቀረው ጉቶ ውስጥም ጨረር የሚያመነጩ ጥቃቅን የራዶን እንክብሎች ቀበሩ፤ ባዶ የቀረው የደረት ክፍል እንዲሞላ የጎድን አጥንቶችን አነሡ። ዛሬ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ሐሳብ በዚያ ጉቶ ላይ ይታያል፤ በዓይን የማይታይ ቅሪት ከምላጭ ያመልጣልና። ጊልሞር ድነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ግራሃም ራሳቸው አጫሽ ነበሩ። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ሐሳብ፣ በዚያው ዘመን የሐር ካልሲ ሽያጭም ጨምሯል እያሉ ያጣጥሉት ነበር። ተማሪያቸው ኧርነስት ዋይንደር ሕሙማንን ጠይቆ ለማጥናት ሲነሣ ግን አልከለከሉትም፤ እንዲያውም አብረውት ሠሩ። ከቀዶ ሕክምና ችሎታቸው ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1950 በታተመው ጥናታቸው፣ ከአዴኖካርሲኖማ ውጭ ባሉ የሳንባ ካንሰር ዓይነቶች ከታመሙ 605 ወንዶች መካከል 96.5 በመቶው ለረጅም ዓመታት ከመካከለኛ በላይ ያጨሱ ሆነው ተገኙ። በ1953 ደግሞ የሲጋራ ዝፍት የተቀባ የአይጥ ቆዳ ካንሰር እንደሚያወጣ አሳዩ። ግራሃም ማጨስ አቆሙ።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነበር፤ ሕመምተኛው በዕድሜው ምን ጭስ ሲስብ እንደኖረ መጠየቅ። በወረኢሉና በመካነ ሰላም ደጋ ይህ ጥያቄ ሲጋራ ላይ ሊቆም አይችልም፤ በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች አሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ጭስን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ካላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል።

በ1957 መጀመሪያ የግራሃም ሁለቱም ሳንባዎች በካንሰር መያዛቸው ታወቀ። በሽታው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ከሚችልበት ደረጃ አልፎ ነበር፤ ማርች 4 ቀን አረፉ። ጊልሞር ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በአንድ ሳንባ እስከ 1963 ኖሩ።